አጋዘን እንዴት ይጠራል?

ወንድም ጋሼ ባለፈው ገና ከሚኒሶታ ሲመጣ፣ ከቸኮሌቱና ከቫይታሚኑ መሃል አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ከሻንጣው ወጣ። እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ የተሸበሸበ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ። ምንድነው ስለው አፉ ላይ ደቅኖ ነፋው። «ኧርፕ!» አጭር፣ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለችና «በስመ አብ! አሳማ አመጣችሁ እንዴ?» አለች።

አሳማ አይደለም። የአጋዘን መጥሪያ ነው።

ወንድም ጋሼ የአክስቴ ልጅ ነው። ያደገው ግን እኛ ቤት፣ እዚሁ ግንፍሌ ነው። ልጅ እያለ በወንጭፍ ወፍ ከማባረር ያለፈ አደን አያውቅም ነበር። አሜሪካ ከሄደ በኋላ ነው የሥራ ባልደረቦቹ ጫካ ይዘውት የወጡት። አሁን ኅዳር በመጣ ቁጥር ፈቃዱን አውጥቶ፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ ዛፍ ላይ ይወጣል። እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የዱር እንስሳ ወሬ ከሆነ ግን እንቅልፍም አያስፈልገኝም። የቆየባቸውን ሁለት ሳምንታት ስለዚህ ቱቦ ስጠይቀው ከረምኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አጋዘን የምንለውና እነሱ የሚያድኑት አንድ አይደሉም። ይሄን ለማሳየት ከእማዬ የመርፌና የክር ጣሳ ውስጥ አንድ የድሮ 10 ሳንቲም ፈልጌ አወጣሁ። አንደኛው ፊቷ ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ጠርዟ በእጅ ብዛት ቢለሰልስም ቀንዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ ቅርንጫፍ የሌለው። እንዲህ ያለ ቀንድ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልክ ነው። የወንድም ጋሼው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ግን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው፣ ንጹሕ አጥንት ነው፣ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። ወገኑም ሌላ ነው፣ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የትም የለም። ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች «ዋላ» የሚለውን ቃል ያውቁታል፣ እኔ እሱ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ግን ሰው ሁሉ አጋዘን ስለሚለው እኔም አጋዘን እላለሁ።

ወደ ጥሪው ልመለስ። ኅዳር እዚያ የስሪያ ወቅት ነው። በሌላው ጊዜ ከጥላው የሚሸሸው ወንድ አጋዘን ያን ሰሞን ምግቡን ሁሉ ትቶ እንስቷን ተከትሎ ይዞራል፤ ሲከተላትም ያጉረመርማል። ቱቦው ያንን ማጉረምረም ነው የሚመስለው። ጫካ ውስጥ ያለ ሌላ ወንድ ሲሰማው አንድ እንግዳ አገሩ ላይ ገብቶ እንስት እያሳደደ ነው ብሎ ያስባል። ማነው እሱ ብሎ ለማየት ይመጣል። ቱቦው ውስጥ ቀጭን ምላስ አለች፣ እሷ ላይ ደግሞ የምትንሸራተት የጎማ ቀለበት። ቀለበቷን ወዲህ ስታመጣት የግልገል ድምፅ፣ ወዲያ ስትወስዳት የትልቅ ወንድ ድምፅ ይሆናል። ብርዱ ሲበረታ የሰው ትንፋሽ እርጥበት ምላሷ ላይ ይረጋና ቱቦው ዝም ይላል። ለዚህ ነው ወንድም ጋሼ ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ የሚያቅፈው።

ሌላም አለው። ትንሿን የቲማቲም ድልህ ጣሳ የምታክል ቆርቆሮ። ቀዳዳዋን በአውራ ጣት ደፍነህ ትገለብጣታለህ፣ ከዚያ ስትመልሳት «ሜኤኤ» ትላለች። የእንስቷ ድምፅ ነው። ጣትህን ካነሳህ ድምፅ የለም። እማዬ ከሁሉም እሷን ወደደቻት፣ ቡና እየፈላ ሦስት አራት ጊዜ ገለባበጠቻት።

ቀንድ ማጋጨትም አለ። የረገፈ ቀንድ ጥንድ ይዘህ እርስ በርስ ታፋጫለህ፣ ቅጠሉንና መሬቱን ትመታለህ፣ ሁለት ወንዶች እየተዋጉ እንዲመስል። ይሄ ከስሪያው ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚሻለው። አደጋም አለው። ጫካው የሁሉም ከሆነ፣ ቀንዱን የሚሰማው አጋዘን ብቻ አይደለም፣ ሌላ ጠመንጃ የያዘ ሰውም ነው። ወንድም ጋሼ ሰው ባለበት ጫካ ቀንድ አያጋጭም። አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ብቀመጥስ ይላል።

አውሮፓ ደግሞ ያለ ምንም ዕቃ የሚጠሩ አሉ። እዚያ ሚዳቋ የምታክል ትንሽ አጋዘን አለች፣ ስሪያዋ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው። አዳኙ አንድ ቅጠል ወይም ሳር ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያፏጫል፣ ወንዱ ይመጣል። ልጅ ሆነን ሳር በሁለት አውራ ጣት መሃል ይዘን እንደምናፏጨው መሆኑ ነው።

ብቻ ዋናው ነገር ድምፁ አይደለም። ይሄን ነው ያልጠበቅኩት። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቱቦውን ሰጠኝና ነፋሁት። ጥሩ ወጣልኝ፣ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ከእጄ ወሰደው። «አጋዘኑ ሄደ» አለኝ። «አሁን ሃያ ደቂቃ ዝም በል።» የምሩን ነበር። ሰዓቱን አይቶ ተቀመጠ። ከታች የታክሲ ረዳት ይጮሃል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ያወራል፣ እኛ ጭጭ። ሃያ ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ቀን ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጋዘን ጆሮዎች ለየብቻ ይዞራሉ፣ ድምፅ ከየት እንደመጣ ነጥቡን ያገኙታል። ደጋግመህ ከጠራህ፣ እዚህ ዛፍ ላይ ነኝ ብለህ አድራሻህን ሰጠኸው ማለት ነው። አጋዘኑ ወደ አንተ እያየም አትጠራም። እሱ ወደ አንተ ሲያይ ድምፅ ካሰማህ እዚያ ቦታ ላይ ወንድ አጋዘን ይፈልጋል፣ ሲያጣ ጅራቱን ሽቅብ አድርጎ ይጠፋል። የሚጠራው ፊቱን አዙሮ መሄድ ሲጀምር ነው። እየመጣ ከሆነማ ምንም አትልም።

ከዚያ ነፋስ። ትልቁ ወንድ ጥሪውን ሰምቶ ቀጥ ብሎ አይመጣም። ይዞራል። ነፋሱ ከአንተ ወደ እሱ ወደሚነፍስበት ጎን ሄዶ መጀመሪያ ያሸታል፣ ጆሮው የሰማውን አፍንጫው ካላጸደቀለት አያምንም። ስለዚህ ጎበዝ አዳኝ በዚያ በኩል ሐይቅ ወይም ገላጣ ሜዳ ያለበትን ቦታ መርጦ ይቀመጣል፣ ወይ መዞሪያ እንዲያጣ፣ ወይ ሲዞር እንዲታይ። ወንድም ጋሼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቱቦውን ሲነፋ ከርሞ አንድም ግዳይ አልጣለም። መንፋት እንጂ ነፋስ ማየት ማንም አላስተማረውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ተከራክረናል። «ማታለል አይሆንም ወይ?» አልኩት። በፍቅር ሰሞን የተያዘን እንስሳ በገዛ ፍላጎቱ ጠርቶ መግደል። መልሱ ቀላል ነበር፦ «ከሩቅ ከምስተው ወይ አቁስዬው ከሚሄድ፣ ቀርቦልኝ በአንዴ ቢወድቅ አይሻልም?» እውነቱን ለመናገር አሳምኖኛል። አንዱን ግን አልቀበልም። የግልገል ጣር ጩኸት የሚያሰማ መጥሪያ አለ፣ እናት ልጄ ተያዘ ብላ እየሮጠች ትመጣለች። እሱም አይጠቀምበትም፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች አዳኞች አፍንጫቸውን በጣት ይዘው እንደተያዘች ሚዳቋ ይጮኻሉ፣ ሚዳቋዎቹም ከጥሻው ይወጣሉ። እነሱ ለዕለት ጉርሳቸው ነው፣ የምፈርደውም እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ሆዴን ይበላኛል።

እማዬ ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ማን ባርኮ ያርደዋል?» ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ይበላል ብሎ አስረድቷት ነበር። ግን በጥይት የሞተ ሥጋ እሷ ጋ አይሄድም። የድሮ አዳኞቻችን ነፍሱ ሳትወጣ ሮጠው ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ያርዱ ነበር። «እሮጣለሁ፣ አክስቴ» አላት። «አንዳንዴ እደርሳለሁ።» አንዳንዴ የሚለውን አልወደደችውም።

አንድ ወዳጄ ይሄን ስነግረው ባሌ ወስደን እንሞክረው አለኝ። እባካችሁ አይሞከር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የለም፣ ለመጥፋትም ከሚሰጋላቸው እንስሳት አንዱ ነው፣ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ቱቦውም የሌላ አገር እንስሳ ቋንቋ ነው፣ የኛው አይገባውም። እዚያው ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ ሄዳችሁ ማለዳ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ዝም ብላችሁ ብትቆሙ፣ ሳትጠሩት ታዩታላችሁ።

ወንድም ጋሼ ሲመለስ ቆርቆሮዋን ለእማዬ ትቶላት ሄደ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ከዛፉ ላይ ሆኖ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ለእማዬ አሰማኋት። ሁለት ጊዜ «ኧርፕ» ይላል። ከዚያ ነፋስ ብቻ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲረገጥ። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። መጨረሻ ላይ የወንድም ጋሼ ሹክሹክታ፦ «ዞረ። አሸተተኝ።»

«እሰይ!» አለች እማዬ። ስልኩን መለሰችልኝ።