ሲኒዋ የት ሄደች?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ያልተየብኩት የለም። ልቦለድ ግን የመጣልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም አበላሸሁት።

ክረምት ነበር። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በራችን ላይ ሲቆም፣ በጠራራ ቀን አምፖል አብርተን የምንሠራበት ሰሞን። አንዲት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት አራት ደብተር በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው የእህታቸው ልጅ አብሯቸው አለ። ሰላም ስለው አልመለሰልኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ጥግ ሄደና የተደረደሩትን የወረቀት እሽጎች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። "ስድስት" አለ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

"መቼ ይደርስልኛል?" አሉ መምህሯ።

"ነገ ጠዋት ያልቃል፣ እትዬ።"

አራት ደብተር በአንድ ሌሊት! የቤታችን መፈክር ናት፤ ሁለት ገጽም ይሁን ሁለት መቶ፣ ነገ ጠዋት ያልቃል።

ታሪኩ ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት መንደር ውስጥ ነው። ግድያ የለ፣ ደም የለ። የጠፋው የቅሬ ገንዘብ ነው። (ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው።) ገንዘቡ ገንዘብ ያዡ ቤት፣ ከቡና ዕቃው ጀርባ ሙዳይ ውስጥ ነበር። አንድ ማለዳ ሙዳዩ አለ፣ ገንዘቡ የለም። ፖሊስ ጋ ከመሄድ በፊት ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ ሁሉም ጎረቤቱን በጎን እያየ ይጠጣል። ነገሩን የሚደርስበት ማንም ከቁጥር ያላስገባው ልጅ ነው። እሱ ግን ሁሉን ይቆጥራል። ኦቲዝም አለው። የመንደሩ ልጆች "ቆጣሪው" ይሉታል፣ እንደ መብራት ቆጣሪ ሌት ተቀን አያርፍም ብለው።

ጥሩ ነው፣ ደስ እያለኝ ነበር የምተይበው። ሦስት ነገር ግን ቆረቆረኝ።

አንዱ ድግግሞሹ ነው። ምዕራፉ ሁሉ ልጁ ሲኒ ሲቆጥር ይጀምራል። "ሲኒው ዘጠኝ ነው።" ቀጣዩም "ሲኒው ዘጠኝ ነው።" እትዬ ረስተው የደገሙት መሰለኝና ከአራተኛው ምዕራፍ በኋላ ያለውን ሰረዝኩ። ሰባተኛው ላይ "ሲኒው ስምንት ነው" ይላል። እሱ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጋር ስለተያያዘ አልሰረዝኩትም፤ ዘጠኝ ብዬ አስተካከልኩላቸው።

ሌላው አነጋገሩ። ልጁ ቡና ሲያምረው "ቡና ትጠጣለህ" ይላል፣ "እጠጣለሁ" ለማለት። የእጅ ጽሑፍ ነው፣ "ህ" እና "ሁ" ይምታታል አልኩና በሙሉ ቀየርኩት። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ልጁ ከመሬት ተነስቶ "አብሽሪ፣ ሰኞ ሲኒ እገዛለሁ" ይላል። ሁሉም ይስቃል፣ ወሬው ይቀጥላል። ከፊትም ከኋላም አይገናኝም። አወጣሁት።

የማላውቀውን አልቀየርኩም፣ ያወቅኩ የመሰለኝን ነው የቀየርኩት። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ምስጋና እጠብቅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ("ነገ ጠዋት" ሆና) መምህሯ መነጽራቸውን አድርገው አግዳሚው ላይ ማንበብ ጀመሩ። ፈገግ አሉ። ቆይተው ወደ ኋላ ገለጡ። እንደገና ወደ ፊት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ሲኒዋ የት ሄደች?"

"የትኛዋ ሲኒ፣ እትዬ?"

"የተሰበረችዋ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶ ተቀብለውኝ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ያስረዱኝ ጀመር፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ። ሌባው በጨለማ ሙዳዩን ሲፈልግ አንድ ሲኒ ይሰብራል። ስባሪውን ደብቆ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ስምንት ነው። ሰኞ ደሴ ሰኞ ገበያ ሄዶ ተመሳሳዩን ገዝቶ ይተካል፣ ዘጠኝ ይሆናል። ስምንት የሆነባትን ማለዳ ከቆጣሪው በቀር ያየ የለም። እንግዲህ ሌባው ሲኒውን ተካ፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ተካሁለት። ተባባሪ ሆኜ አረፍኩት።

"ቡና ትጠጣለህ" የምትለውም የእጃቸው ስህተት አይደለችም። ሰዎች "ቡና ትጠጣለህ?" ይሉታል፣ ቡናው ይመጣል። ስለዚህ ቡና ሲፈልግ የሰማትን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ያወጣታል። ኢኮላሊያ ይባላል አሉኝ፣ የሰሙትን መልሶ ማስተጋባት። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ላይ ይታያል። አንዱ ወዲያው ይደግማል፣ ሌላው ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴ የተናጋሪውን ድምፅ ሳይቀር። አንባቢው የልጁ ንግግር ከሰው የተሰማ መሆኑን በቡናዋ ቀስ እያለ እንዲለምድ ነው እትዬ የደጋገሟት።

"እሺ፣ አሁን ሦስተኛዋን አንብቢ" አሉኝ።

ከደብተሩ አነበብኩ። "አብሽሪ፣ ሰኞ ሲኒ እገዛለሁ።"

"ሽማግሌዎቹ በሙሉ ወንዶች ናቸው። 'አብሽሪ' ማንን ነው?"

ጸጉሬ ቆመ። አንዲት "ሪ"! አንድ ሰው በሌሊት አንዲት ሴት እያጽናና ያላትን ልጁ ሰምቶ ነው። ማን ለማን እንዳለ አልነግራችሁም። መጽሐፉ ገና አልታተመም፣ መምህሯም በየቀኑ በበራችን ያልፋሉ።

የዚህ ዓይነት ልቦለድ ሕግ እንዳለው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ቄስም የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊም የነበረ ሰው፣ በ1929 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ከነሱ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም ይላል። "አንባቢው ጨርሶ ወደ ኋላ ሲገልጥ 'እዚሁ ነበር እኮ!' ብሎ ራሱን መምታት አለበት" አሉ እትዬ። በኔ እጅ ያለፈው ቅጂ ላይ ግን ወደ ኋላ ቢገልጥ ምንም አያገኝም።

የእህታቸው ልጅ ይህን ሁሉ ስንባባል እሽጎቹን እየቆጠረ ነበር። እሱም እንደ ቆጣሪው ኦቲዝም አለው። ትንሽ ልጅ እያለ ደሴ ውስጥ ይህን ቃል የሚያውቅ ሰው አላጋጠማቸውም። አንዱ ጠበል ውሰዱት ይላል፣ አንዱ ሼኹ ዱዓ ያድርጉለት ይላል፣ ሁለቱንም አድርገዋል፣ ወሎ አይደለም እንዴ። "ኦቲዝም" የሚለውን መጀመሪያ የሰሙት ከወይዘሮ ዘሚ የኑስ አፍ ነው፣ በቴሌቪዥን። ኦቲዝም ያለው ልጅ እናት ነበረች፣ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው። "እህቴ ምንም አላለችም፣ ተነስታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች" አሉኝ።

ማስተካከሉ ሳምንት ወሰደ። መብራት ሲሄድ እኔ ከደብተሩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ በሞባይል ባትሪ እያበራ የታተመውን ያያል። 41 ቦታ ነካክቼ ነበር። ሦስቱ የእውነት የፊደል ግድፈት ሆነው ተገኙ፤ እትዬ ለነሱ አመሰገኑኝ። የወረቀቱን ዋጋ አለቃዬ ከደሞዜ ቆረጠው፣ እሱን እንዝለለው።

አሁን የቆረቆረኝን ቢጫ አቀልመዋለሁ፣ ከዚያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ባለፈው አንድ ገበሬ የመሬት ውል ሊያስጽፉ መጡ። ወሰኑ "ከዋንዛው እስከ ዋንዛው" ይላል። ድሮ ቢሆን አንዱን ዋንዛ አጥፍቼው ነበር። ጠየቅኩ። "ሁለት ዋንዛ ነዋ ያለው" አሉኝ፣ ምን ነካት በሚል ዓይን እያዩኝ።

እትዬ የመጨረሻውን ቅጂ ሊወስዱ ሲመጡ እሱም አብሮ መጣ። ቆጠረ። "አራት።" ሁለት እሽግ ሸጠን ነበር። ቁጭ አለ። እኔ ወረቀቱን ስጠርዝ አንድ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰውዬ ማመልከቻ ይዘው ገቡ።

"ይቺ መቼ ትደርሳለች?" አሉ።

አፌን ሳልከፍት ከአግዳሚው መልስ መጣ። በኔው ድምፅ፣ በኔው ጉተታ፣ ጫፏ ላይ ያለችው ማባበል ሳትቀር።

"ነገ ጠዋት ያልቃል፣ እትዬ።"

ሰውየው ጢማቸውን ዳሰሱ።