ሳተላይትና ዳቦ

ዛሬ ምሳ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዳቦ ሳንጠግብ ሳተላይት ምን ያደርግልናል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ነው። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ሥራዋ እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን ከላይ መቃኘት ነበር። ጤናማ ተክል ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን በብዛት ያንጸባርቃል። ሲጠወልግ ይቀንሳል። ሳተላይት ይህን ልዩነት ትለካለች። እናም ሰብሉ ጨርሶ ሳይደርቅ የድርቁ ምልክት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ታዲያ ይሄ የዳቦ ጉዳይ አይደለም እንዴ?

አዎ፣ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት። የራሳችን ማስወንጨፊያም የለንም። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መሐንዲሶቻችን በሥራው መሳተፋቸው፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ላይ መሆኑ ነው። በዓመቱ ሌላ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች። ደስ ይላል!

የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሳተላይት ዕድሜ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ትተካለች። የሠለጠነ ባለሙያ ግን አንዴ ከሄደ በቀላሉ አይተካም። በጀት ሲያዝ መጀመሪያ ለእነዚህ ልጆች ይታሰብላቸው።