ማየር፦ የርስት አስተዳዳሪዎቹ ስም

ከጀርመን የቤተሰብ ስሞች ሙለር፣ ሽሚት እና ሽናይደር በብዛት ቀዳሚ ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ማየር ነው። ምንጩ «የሚበልጥ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲኑ ማዮር ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን የመሳፍንትን ወይም የገዳማትን ርስት በበላይነት የሚያስተዳድረውና ከገባሮች ግብር የሚሰበስበው ሰው በዚህ ማዕረግ ይጠራ ነበር። ከጊዜ በኋላ ርስቱን ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬም ማየር ተባለ።

አጻጻፉ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ በሰሜን፣ በተለይም በታችኛው ሳክሶኒ፣ በላቲኑ ፊደል «ኤ» (e) የሚጻፈው ሲበዛ፣ በባቫሪያ ብዙ ጊዜ በምትኩ «ኣ» (a) ይገባል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የልደትና የጋብቻ መዝገብ በመላው የጀርመን ግዛት በመንግሥት እጅ ሲገባ፣ ልዩነቱ በየቤተሰቡ ጸንቶ ቀረ። የስም ደረጃ ሰንጠረዦችም እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ስለሚቆጥሩ፣ ማየር ከእውነተኛ ስርጭቱ ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የአይሁድ ቤተሰቦች ማየር ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥር አለው፤ «ብርሃን ሰጪ» ከሚለው ከዕብራይስጡ ሜኢር የመጣ ነው። ከስሙ ባለቤቶች መካከል፣ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሐሳብ በ1842 ያሳተመው ሐኪም ዩልዩስ ሮበርት ማየር እና በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ሥራው የሚታወቀው ኬሚስት ሎታር ማየር ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው ስሙን በ«ኣ»፣ ሁለተኛው በ«ኤ» ይጽፍ ነበር።