ጄኔሬተር ኤክሳይቴሽን ሲያጣ፦ የመከላከያ ሪሌዩን ያስተካከልኩበት መንገድ

ኤክሳይቴሽን ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያጠፋውን ይህን የመከላከያ መሣሪያ (ሪሌይ) ለማስተካከል ስነሣ በመጀመሪያ የዘረጋሁት የሪሌዩን መመሪያ ሳይሆን የጄኔሬተሩን የአቅም ከርቭ፣ ማለትም ማሽኑ ሳይጎዳ ሊሰጥና ሊስብ የሚችለውን ኃይል የሚያሳየውን ሥዕል፣ ነበር። ዛሬም ከዚያው እጀምራለሁ።

ኤክሳይቴሽን፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ክፍል (ሮተሩን) ማግኔት የሚያደርገውን ከረንት፣ ያጣ ጄኔሬተር ተርባይኑ ስለሚገፋው አይቆምም። ፍጥነቱ ጨምሮ ከግሪዱ ጋር የነበረውን ቅንጅት ይለቃል፤ ሪአክቲቭ ኃይልም (ሥራ የማይሠራውን፣ መግነጢሳዊ መስክ የሚያቆመውን ኃይል) ከውጭ ይስባል። ሮተሩና የስቴተሩ (የማይሽከረከረው ክፍል) ጫፎች ይግላሉ፤ የአካባቢው ቮልቴጅ ይወርዳል። ለዚህ ሁሉ የፊልድ ብሬከሩ (የኤክሳይቴሽኑ ከረንት ማብሪያና ማጥፊያ) ያለ ትእዛዝ መከፈቱ ብቻ ይበቃል።

ሪሌዩ ከቮልቴጅና ከከረንት ጥምርታ ኢምፒዳንስን ያሰላል፤ ያገኘው ነጥብ በሥዕል ላይ ከተሣሉ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ክቦች በአንዱ ውስጥ ገብቶ ከቆየ ማሽኑን ያጠፋል። ጄኔሬተሩ 100 ሜጋ ቮልት አምፔርና 13.8 ኪሎ ቮልት ነው እንበል፤ የከረንት ትራንስፎርመሩ 5000 ለ5፣ የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ 13800 ለ120። በሪሌዩ በኩል ሌሎቹ የሚለኩበት መነሻ ኢምፒዳንስ 16.56 ኦም ይሆናል። ትራንዚየንት ሪአክታንሱ (ማሽኑ በድንገተኛ ለውጥ ጊዜ የሚያሳየው) የመነሻው 0.25 ከሆነ የሁለቱም ክቦች አናት በግማሹ፣ ማለትም በ2.07 ኦም፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የትንሹ ክብ ዲያሜትር 16.56 ኦም ነው፤ ሲንክሮነስ ሪአክታንሱ (በተረጋጋ ሁኔታ የሚያሳየው) የመነሻው 1.8 ከሆነ የትልቁ 29.8 ኦም ይደርሳል።

ሁለት ክብ ያስፈለገው በከንቱ አይደለም። በሙሉ ጭነት ላይ ያለ ጄኔሬተር ፈጥኖ ትንሹ ክብ ውስጥ ይገባል፤ ጉዳቱም ያኔ ይብሳል። በቀላል ጭነት ላይ ያለው ግን በትልቁ ክብ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለትንሹ 0.1 ሰከንድ፣ ለትልቁ 0.5 ሰከንድ ሰጠሁ። የትልቁ መዘግየት ከመስመር ብልሽት በኋላ የሚመጣው የኃይል መወዛወዝ ራሱ እንዲረጋጋ ፋታ ይሰጠዋል።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝና በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ቅደም ተከተሉን ማረጋገጥ ነው። የኤክሳይቴሽኑ ዝቅተኛ ገደብ ጠባቂ ከሪሌዩ ቀድሞ መሥራት አለበት፤ አለበለዚያ ጤነኛ ማሽን ይጠፋል። የገደቡን ነጥቦች ከኃይል ወደ ኢምፒዳንስ ቀይሬ ከክቦቹ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ለምሳሌ በሙሉ ቮልቴጅ የአቅሙ 0.6 አክቲቭና ከውጭ የሚሳብ 0.3 ሪአክቲቭ ኃይል በ22.1 (ሬዚስታንስ) እና በ−11.0 (ሪአክታንስ) ኦም ላይ ያርፋል፤ ይህም ከትልቁ ክብ ውጭ ነው። ኢምፒዳንስ ግን ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወርዳል። ቮልቴጁ 95 በመቶ ሲሆን ያው ነጥብ በ10 በመቶ ያህል ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ ሥዕሉን በሙሉ ቮልቴጅ ብቻ ሠርቶ መተው አይበቃም።

በመጨረሻ የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ፊውዝ ሲበጠስ ሪሌዩ ቮልቴጅ የጠፋ መስሎት ማሽኑን እንዳያጠፋ እንዲታገድ አደረግሁ፤ ፊውዙን በእጄ አውጥቼም እገዳውን ፈተሽኩ።