ለቀማ ለሚሄዱት ታካሚዎቼ

ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። እኔ የምሠራበት የቲቢ ክፍል ደግሞ ሰው ይቀንስበታል። በሽታው ጠፍቶ አይደለም። ታካሚዎቻችን ወደ ጎማ ወረዳ፣ ወደ ሊሙ ቡና ለቀማ ስለሚወጡ ነው። እዚህ ጅማ ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደዚህ ወቅት የሚያስጨንቀኝ የለም።

የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። ግን 6 ወር ይወሰዳል፤ መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ፈተናው የሚመጣው ሰውየው ሲሻለው ነው። ሳሉ ይጠፋል፣ የሌሊቱ ላብ ይቆማል፣ ምግብ ይጥመዋል። «እኔማ ድኛለሁ፣ ሲስተር» ይላል። በዚያ ላይ ለመስከረም የተበደረው ብር አለ። የቤት ኪራይ አለ። ምን ብዬ አትሂድ ልበለው?

ተቆጥተው የሚያስፈራሩ ባለሙያዎች አሉ። ቁጣ ግን ሰውን ከለቀማ አያስቀረውም። ሳይነግረን እንዲሄድ ነው የሚያደርገው። ሳይነግረን የሄደ ሰው መድኃኒቱን ካቋረጠ፣ የተረፈው ተህዋስ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። ያኔ ዋናው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንም ላይሠራ ነው። ለቃሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠጋግተው አንድ ቤት ውስጥ ያድራሉ። በሩም መስኮቱም ለብርዱ ይዘጋል። አንዱ ሲያስል ያደረውን አየር ሁሉም ይተነፍሰዋል።

ስለዚህ ገና ከመስከረም ጀምሮ እጠይቃቸዋለሁ። «ዘንድሮ ለቀማ አለህ? የት?» የሚሄድ ከሆነ የዝውውር ወረቀት እጽፍለታለሁ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚወስድ፣ የአክታ ውጤቱ ምን እንደነበር። 2ኛው ወር ሲያልቅ አክታው እንደገና መታየት ስላለበት ቀኑንም አሰምርበታለሁ። ከዚያ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ እደውላለሁ። ይህቺ ስልክ ከወረቀቱ ትበልጣለች። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ካወቀ ይሄዳል። ካርድ ካለቀበትም ሚስድ ኮል ያድርግልኝ፣ እኔ እደውላለሁ።

ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። አንድ ከዳውሮ የመጣ ወጣት እርሻው ላይ ሽንቱ ቀልቶ አብረውት የሚሠሩት አዩት። ደም ነው ብለው አስደነገጡት። እሱም ክኒኑን ወረወረው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ ደም አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። ይህን ከመሄዱ በፊት የነገረው ሰው አልነበረም። አሁን ለሁሉም እነግራለሁ፣ አብሯቸው ለሚሄደው ጓደኛም ጭምር።

የቡና እርሻ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሠራተኛ ካያችሁ አታባርሩት። ካባረራችሁት ሳሉን ደብቆ ሌላ እርሻ ይገባል። ጤና ጣቢያ ላኩት። መድኃኒት ሊወስድ የሄደበትንም ቀን ከደመወዙ አትቁረጡበት።