ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ዘይት

ዛሬ ልጄን ሱቅ ላኩት። ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ዘይት፣ ሦስቱንም ብጣሽ ወረቀት ላይ ስዬ ሰጠሁትና ሦስቱንም ይዞ መጣ፣ መልሱም ሳይጎድል። አቦ ደስታዬን ለማን ልንገረው፣ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም እኮ።

አምና ይሄው ልጅ አንዱን ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ ወይ ብሩን ጨብጦ ኳስ ሲያይ ቆይቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ገርፌዋለሁ። አውቆ ነው ብዬ። ምክንያቱም ስልክ ላይ ጌም ከያዘ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይልም፣ ታዲያ ደብተር ላይ አምስት ደቂቃ እንዴት ያቅተዋል እል ነበር። ጠበልም ወሰድኩት፣ እኔንም እሱንም ደስ አለን፣ ደብተሩ ግን ያው ነው።

ሆስፒታል ዘግይቼ ነው የሄድኩት። ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቤት ብቻ ነው ወይስ ትምህርት ቤትም እንዲህ ነው ብላ ነው፣ ከአንድ ቦታ በላይ ካልታየ፣ ቢያንስ 6 ወር ካልቆየ፣ ከ12 ዓመቱ በፊት ካልጀመረው ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መቆጣጠር የሚያቅትበት፣ የሚያቁነጠንጥ ችግር) ነው አንልም አለችኝ። የስልኩን ስነግራት ትኩረት የለውም ማለት አይደለም፣ ወደፈለገው ቦታ ማዞሩ ነው የሚያቅተው፣ ጌሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸልመው ይይዘዋል ደብተሩ ግን አይሸልመውም አለች። ሦስት ነገር ባንዴ ስታዢው ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣበታል ስትለኝ እዛው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ፣ ያ ሁሉ ዱላ ትዝ አለኝ።

ማንበቡ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሀ ሁን እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፣ አንዷን ነጥዬ ሳሳየው ግን ለ ይሁን ሰ ይሁን በ ይምታታበታል፣ 33ቱን በ7 ስታባዢው 231 ነው፣ ለሱ ተራራ ነው። አሁን ከደቻቱ ወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ ትሪ ላይ አድርጌ ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፣ አንድ ፊደል ብቻ፣ ድምፁን ጮክ ብሎ እያለ በጣቱ ይፅፋል። "ለ"ን ለመያዝ አራት ማታ ፈጀብን። ሲደክመው እንተወዋለን።

አምና ደብተሩ ላይ በቀይ ሰነፍ ተብሎ ተፅፎበት መጥቶ ነበር፣ ያንን ገፅ ቀድጄ ጣልኩት እሱ ግን አልረሳውም። የዘንድሮዋ ቲቸር ስልሳ ልጅ ይዛ የባጃጅ ጡሩምባ ከሚሰማበት መስኮት አንስታ ፊት አስቀመጠችው፣ ከሰሌዳ ላይ ግማሹን ብቻ ገልብጥ ትለዋለች፣ መቁነጥነጥ ሲጀምር ደብተር አድልልኝ ብላ ታስነሳዋለች። ዞሮ ሲመጣ ይቀመጣል። አንድ ብር አላስወጣትም። እጇን ብስምላት ደስ ይለኛል።

የሚመጣው ዓመት ግን ሌላ ቲቸር ነው የሚይዘው፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ስለዚህ ዛሬ ማታ እሱን አስተኝቼ ለአዲሱ ቲቸር የምሰጠውን ወረቀት መፃፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የፃፍኩት "እባክዎ አንድ በአንድ ይዘዙት" የሚል ነው። ከዛ የወንበሩን ነገር። የቀዩን እስኪርቢቶ ነገር ልፃፈው ወይስ ልተወው እያልኩ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።