ቸኮሌቱን በከንቱ አማሁት

ትናንት ማይግሬኔ (ከባዱ ራስ ምታቴ) ተነስቶብኝ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቼ ዋልኩ። ጥፋተኛው ከትናንት ወዲያ ማታ የበላሁት ቸኮሌት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ዛሬ ለሐኪሜ ስነግራት ሳቀች። ለካ የጣፋጭ አምሮቱ ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል! ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ይልቅ ምግብ ዘልለሽ ነበር? ውሃስ? ቡና ድንገት አቁመሻል? አለችኝ። ሦስቱንም አድርጌያለሁ፤ ምን ልበል?

ማይግሬኑን ለመከላከል ቫይታሚን ቢ2 በቀን 400 ሚሊግራም ከጀመርኩ 2 ሳምንቴ ነው። ለውጡ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊፈጅ ይችላል አለች። (ሽንቴ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ደንግጬ ነበር። ጉዳት የለውም።) ለዚሁ የምወስደው ማግኒዥየም ግን ተቅማጥ በተቅማጥ አደረገኝ፤ መጠኑን ቀነሰችልኝ። አሁን ቁርሴን እየበላሁ ነው፣ በሰዓቱ።